የኮምፒዩተር የስህተት መልእክትና የመምህሩ ድርሻ

አንድ መምህር የተማሪውን ደብተር ሲያርም ከስሌቱ ግርጌ የስህተት ምልክት ብቻ አድርጎ ቢመልስለት፣ ተማሪው መሳሳቱን እንጂ የተሳሳተበትን ቦታና ምክንያት ሊያውቅ አይችልም። መምህሩ ግን መሥመሩን አሥምሮ «እዚህ ላይ የመቀነስ ምልክቱ ተረስቷል» ብሎ ቢጽፍለት፣ እርማቱ ራሱ ትምህርት ይሆናል። ይህ ልዩነት በደብተር እርማት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ዛሬ ኮምፒዩተርም የተማሪን ሥራ ያርማል፤ ስለሆነም ጉዳዩ ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩ መምህራንን በቀጥታ ይመለከታል።

ፕሮግራም ጸሐፊዎች ከሚገለገሉባቸው መሣሪያዎች ብዙዎቹ ሥዕል የላቸውም። ተጠቃሚው ትእዛዙን በጽሑፍ ይሰጣል፤ መሣሪያውም በጽሑፍ ይመልሳል። የተጻፈው ነገር ትክክል ሳይሆን ሲቀር የሚመጣው መልስ የስህተት መልእክት ይባላል።

የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች በዚህ ረገድ ንፉጎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1969 ኬን ቶምፕሰን በቤል ላቦራቶሪዎች ለዩኒክስ ሥርዓት የሠራው «ኤድ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ፣ ተጠቃሚው ምንም ዓይነት ስህተት ቢሠራ የሚሰጠው መልስ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። ለዚህም ምክንያት ነበረው። በዚያን ጊዜ የነበሩት የጽሕፈት መሣሪያዎች በወረቀት ላይ የሚያትሙት በሰከንድ 10 ፊደል ያህል ነበር፤ የማሽኖቹም የማስታወስ አቅም እጅግ ጠባብ ነበር። ከዚህም በላይ ተጠቃሚው ሥራውን አስቀድሞ የሚያውቅ ባለሙያ እንደሆነ ይታሰብ ነበር።

የማሽኖቹ አቅም ከሰፋ በኋላም ልማዱ ለብዙ ዓመታት አልቀረም። ለምሳሌ ያህል የፓይተንን ቋንቋ እንመልከት። አንድ ተማሪ በ4ኛው መሥመር ላይ ቅንፍ ከፍቶ ሳይዘጋ ወደ 5ኛው መሥመር ቢያልፍ፣ የቀድሞው ፓይተን 5ኛውን መሥመር እያመለከተ «አገባቡ ልክ አይደለም» ይለው ነበር። ተማሪው ምንም ጉድለት የሌለበትን 5ኛውን መሥመር እየደጋገመ ሲመረምር ጊዜው ያልፋል፤ በመጨረሻም «እኔ ለዚህ ትምህርት አልተፈጠርሁም» ወደሚል ድምዳሜ ሊደርስ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው ፓይተን 3.10 ግን 4ኛውን መሥመር አመልክቶ «ይህ ቅንፍ አልተዘጋም» ይላል። የተማሪው ስህተት ያው ነው፤ የተለወጠው አራሚው ነው።

ለዚህ ለውጥ ቀደም ሲል መንገድ ከከፈቱት አንዱ ኤልም የተባለው ቋንቋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የኤልም መልእክቶች እንደ ሰው አነጋገር «ይህን ስም ላገኘው አልቻልሁም» እያሉ የተሳሳተውን መሥመር ራሱን ቀድተው ማሳየት ጀመሩ። ረስት የተባለውም ቋንቋ በ2016 መልእክቶቹን አሻሻለ። በረስት ብዙዎቹ ስህተቶች መለያ ቁጥር ያላቸው ሲሆን፣ ተጠቃሚው ቁጥሩን ጠቅሶ ማብራሪያ ቢጠይቅ ከነምሳሌው ይሰጠዋል።

ከእነዚህ ምሳሌዎች እንደምንረዳው ጥሩ የስህተት መልእክት ሦስት ነገሮችን ያሟላል፤ እነርሱም፦

ሀ/ ስህተቱ የት እንደሆነ፣
ለ/ የጎደለው ወይም የተዛባው ምን እንደሆነ፣
ሐ/ ቀጥሎ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ናቸው።

ሦስተኛው ነጥብ ግን ጥንቃቄን ይጠይቃል። በፓይተን 3 የነገሮችን ስም በአማርኛ ፊደል መጻፍ ይቻላል። ተማሪው ከላይ «ሰዓት» ብሎ ሰይሞ ከታች «ሰአት» ብሎ ቢጽፍ፣ ለእኛ አንድ ቃል የሆነው ለማሽኑ ሁለት የተለያየ ስም ነው። አዲሱ ፓይተን «ይህ ስም አይታወቅም፤ ሰዓት ለማለት ነውን?» ይለዋል። ይህ እውነተኛ እርዳታ ነው። ነገር ግን ተማሪው «ውጤት1» የሚለውን መዝግቦ «ውጤት2»ን መመዝገብ ቢረሳ፣ ማሽኑ በፊደል የሚቀራረበውን ፈልጎ «ውጤት1 ለማለት ነውን?» ሊለው ይችላል። ተማሪው ሳያስብ ምክሩን ቢቀበል የስህተት መልእክቱ ይጠፋል፤ አማካዩ ግን የተሳሳተ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ የሚያነጻጽረው ፊደልን እንጂ የተማሪውን አሳብ አይደለምና።

እንግዲህ የመምህሩ ድርሻ እዚህ ላይ ነው። መልእክቱ የሚመጣው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ብዙ ተማሪዎች ሳያነቡት እጃቸውን ያወጣሉ። መምህሩም ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ራሱ አርሞላቸው ያልፋል። በዚህ ዓይነት ፕሮግራሙ ይሠራል፤ ተማሪው ግን በሚቀጥለው ቀን በዚያው ስህተት ላይ ይቆማል። ይህን ለማስቀረት የሚከተለውን መፈጸም ይጠቅማል፦

1ኛ/ መምህሩ ቁልፎቹን ከመንካቱ በፊት ተማሪው መልእክቱን ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብና በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ እንዲናገር ማድረግ፤

2ኛ/ በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙትን ጥቂት መልእክቶች ከነትርጉማቸው በሰሌዳ ወይም በግድግዳ ላይ ጽፎ ማቆየት፤

3ኛ/ ትክክለኛ ፕሮግራም ሰጥቶ አንዲት ቅንፍ ወይም ሁለት ነጥብ ሆን ብለው እንዲያጠፉና የሚመጣውን መልእክት እንዲመዘግቡ ማዘዝ፤

4ኛ/ የማሽኑን ምክር ከመቀበላቸው በፊት «እኔ ልል የፈለግሁት ይህን ነውን?» ብለው እንዲጠይቁ ማስለመድ።

በተለይ ሦስተኛው መልመጃ ለተማሪው ድፍረት ይሰጣል። በገዛ እጁ ያመጣውን ስህተት አይቶ የመለሰ ተማሪ፣ መልእክቱ የሥራው አካል መሆኑን እንጂ የችሎታው ፍርድ አለመሆኑን ይገነዘባል። የመሣሪያ ሠሪዎች ከጥያቄ ምልክት ተነሥተው ግልጽ ቃል እስከ መጻፍ ደርሰዋል። ያንን ቃል አንብቦ የሚጠቀምበት ተማሪ ማፍራት ግን የመማሪያ ክፍል ሥራ ነው።