ባለ ስኳሩ ወይስ ዜሮው?

ልጆች፣ ደሴ ቤታችሁ ውስጥ ናችሁ እንበል። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ኢንሱሊን የሚወጉት አያታችሁ ድንገት እጃቸው ተንቀጠቀጠ፤ ላብ በላብ ሆኑ። «ልጄ፣ ስኳሬ ወረደ መሰለኝ፤ ቶሎ ለስላሳ ይምጣልኝ» አሉ። ሮጣችሁ ሱቅ ሄዳችሁ። ባለሱቁ ሁለት ጠርሙስ ኮካ አወጣላችሁ፤ አንዱ የለመዳችሁት ነው፤ ሌላው ላይ «ዜሮ» የሚል ጽሑፍ አለበት። የትኛውን ትወስዳላችሁ?

«ዜሮ ለስኳር ሕመምተኛ ነው» ብላችሁ እሱን ብታመጡ አያታችሁን አይረዳቸውም። ለምን?

ምላሳችሁ ላይ ጣፋጭ ነገር ሲነካቸው ለአንጎል መልእክት የሚልኩ ጥቃቅን ተቀባዮች አሉ። ተቀባዩን እንደ ጓጉንቸር፣ ስኳርን እንደ ቁልፍ አስቡት። ታዲያ ይህን ጓጉንቸር ሌሎች ንጥረ ነገሮችም ይከፍቱታል። ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የሚባሉት እነሱ ናቸው። የመጀመሪያው ሳካሪን ነው፤ በ1879 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ኮንስታንቲን ፋልበርግ የተባለ ኬሚስት ሲሠራ ውሎ እጁን ሳይታጠብ ራት ቀረበና ዳቦው ጣፈጠው። (እናንተ ግን ቤተ ሙከራ ውስጥ እንዲህ እንዳታደርጉ!)

አስፓርቴም የስኳርን 200 እጥፍ ያህል፣ ሱክራሎዝ ደግሞ 600 እጥፍ ያህል ይጣፍጣል። 330 ሚሊ ሊትር ባለ ስኳር ኮካ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ዘጠኝ የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው። ሻያችሁ ላይ ዘጠኝ ማንኪያ ስትጨምሩ እናታችሁ ብታያችሁ ምን ትል ነበር? ያንኑ ጣዕም ለማምጣት ከሩብ ግራም ያነሰ አስፓርቴም ይበቃል።

ከደሴ ተነስታችሁ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትገቡ ሙቀቱ ይለያል፤ ቀዝቃዛ ነገር ያምራል። ያኔ ዜሮውን ብትመርጡ ስኳሩ ይቀርላችኋል፤ አሲዱ ግን እዚያው አለ፤ ጥርስን ቀስ በቀስ ይሸረሽራል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቆጣጠር ተብሎ በእነዚህ ማጣፈጫዎች መጠቀምን አልመከረም። ለጥሙ ውኃ ይሻላል። ማስቲካም ሆነ ለስላሳ ስትገዙ ገልብጣችሁ አንብቡ፤ «አስፓርቴም»፣ «ሱክራሎዝ» ወይም «ኢ951» ካያችሁ ማጣፈጫ ገብቶበታል። ኢ951 ያው አስፓርቴም ነው።

ወደ አያታችሁ እንመለስ። ስኳር ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ አንጎል ደግሞ በዋናነት የሚሠራው በእሱ ነው። ማጣፈጫው ምላስን ያታልላል እንጂ የደም ስኳርን ከፍ አያደርግም። በአዘቦቱ ቀን ለአያታችሁ ጥሩ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ አሁን ግን የሚፈልጉት እውነተኛውን ስኳር ነው። ስለዚህ ባለ ስኳሩን አምጡ፤ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ይጠጡ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ ስኳራቸው ይለካ፤ ካልተስተካከለ ይድገሙ። ሱቁ ከራቀ እቤት ያለውን ስኳር በውኃ በጥብጡላቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን ምንም ነገር አፋቸው ውስጥ አትጨምሩ፤ ጎረቤት ጥሩና በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰዱ።