ስካነሩ ከመገዛቱ በፊት መመሪያው ይጻፍ

የድሮ ፎቶዎችንና ሰነዶችን ስካን አድርጎ የማስቀመጥ ሐሳብ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠየቀው «የትኛው ስካነር ይሻላል?» የሚለው ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ተራው ግን ሁለተኛ ነው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሥራውን የሚሠራው ሰው አጠገቡ የሚያስቀምጠው፣ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ ነው። መመሪያ ስል የትኛው ቁልፍ የት እንዳለ የሚያሳየውን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ከማሽኑ ጋር በካርቶን ይመጣል። ምን እንደሚደረግ፣ ምን እንደማይነካና ለምን እንደሆነ የሚናገረውን ነው። ምክንያቱ ያልተነገረው ሠራተኛ ሥራ ሲበዛበት ትእዛዙን ይዘላል። ምክንያቱ የገባው ግን መመሪያው ያላሰበው ነገር ሲያጋጥመውም አይሳሳትም።

በየቦታው የሚሰማውን «በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ስካን አድርግ» የሚለውን ምክር እንይ። ለጽሑፍ ገጽ ብዙም አይከፋም። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነችን ጉርድ ፎቶ በዚሁ ልክ ብናነሳት ግን የምናገኘው 354 በ472 ፒክስል ብቻ ነው፤ ትንሽ ሲያጎሏት ፊቱ ይበታተናል። የ35 ሚሊሜትር ኔጋቲቭ ከሆነማ 283 በ425 ይወጣል፣ ለምንም አይሆንም። ያው ኔጋቲቭ በ3000 ዲፒአይ ሲነሳ 2835 በ4252 ይሆናል። ስለዚህ መመሪያው አንድ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ዋናው ሲያንስ ዲፒአዩ ከፍ እንደሚል ማስረዳትና የረጅሙ ጎን ፒክስል ከስንት እንዳያንስ መወሰን አለበት።

ከዚህ የባሰው ማሽኑ ራሱ «ልርዳህ» የሚልበት ቦታ ነው። ብዙ የፊልም ስካነሮች አቧራና ጭረት የሚያጠፋ፣ ዲጂታል አይስ የሚባል ዘዴ አላቸው። የሚሠራው በኢንፍራሬድ ጨረር ነው፤ ጨረሩ በቀለም ፊልም ውስጥ ያልፋል፣ አቧራው ግን ይጋርደዋል፣ ሶፍትዌሩም የተጋረደውን ነጥብ ለይቶ ይሸፍነዋል። በተለመደው ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግን ምስሉ ራሱ ከብር የተሠራ ስለሆነ ጨረሩን ይጋርዳል። ሶፍትዌሩ ምስሉን አቧራ ነው ብሎ ያስባል፤ የፀጉርን ጫፍ፣ የጥበብን ጥለት እያነሳ በራሱ ግምት ይሞላል። በንጉሡ ዘመን ከፎቶ ቤቶች የቀሩ ኔጋቲቮች አብዛኞቹ ጥቁርና ነጭ ናቸውና ይህች አንዲት ቁልፍ ስንቱን ልታበላሽ እንደምትችል መገመት አያዳግትም። «ለጥቁርና ነጭ ፊልም ይጥፋ» የሚል አንድ መስመር፣ ከነምክንያቱ፣ ይህን ሁሉ ያድናል።

ለዚህ ነው ስካንና ኤዲት በመመሪያው ውስጥ ሁለት የተለያዩ ምዕራፎች ይሁኑ የምለው። ዋናው ፋይል በቲፍ (TIFF) ፎርማት ይቀመጣል፤ አይቆረጥም፣ ጥርት አይደረግም፣ አይጸዳም። ጥቁርና ነጭ ፎቶም ቢሆን በቀለም ይነሳል፤ የወረቀቱ መወየብ፣ በእጅ የተቀባው ከንፈርና ጉንጭ፣ የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ሁሉም መረጃ ነው። ጀርባውም ይነሳል። ማስተካከሉ የሚሠራው በቅጂው ላይ ብቻ ነው። «ቦታ ይፈጃል» የሚል ተቃውሞ ይነሳል። 10 በ15 ሳንቲሜትር የሆነ ፎቶ በ600 ዲፒአይ በቀለም ሲቀመጥ 25 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ቴራባይት ሀርድ ዲስክ እንዲህ ዓይነት 40 ሺህ ያህል ፋይል ይይዛል። ሁለተኛ ዲስክ ገዝቶ ቅጂ ማስቀመጥ፣ ባለቤቱ ይዞት የሄደን አልበም እንደገና ከመፈለግ በጣም ይቀላል።

አስቀድሞ የተወሰነ ደንብ ምን እንደሚያተርፍም ምን እንደሚያሳጣም በአገራችን ታይቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. የተጀመረው፣ ኢኤምኤምኤል በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን አንስቷል። እያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር ተሰጠው፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካታሎጉን ያዘጋጁት በዚሁ ቁጥር ነው፣ ተመራማሪዎችም እስከ ዛሬ የሚጠቅሱት እሱን ነው። በሌላ በኩል ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ስለነበር የሐረጉና የሥዕሉ ቀለም አልተያዘም። በዘመኑ ምክንያት ነበረው፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ርካሽ ነው፣ ከቀለም ፊልምም ይልቅ ይቆያል። ዛሬ ግን በኛ እጅ ያ ምክንያት የለም።

«እንግሊዝኛው ሞልቷል፣ ለምን በአማርኛ እንደክማለን?» ለሚሉ፣ እውነት ነው፣ ጥሩ ጥሩ አለ። የብሪቲሽ ላይብረሪ የአደጋ ላይ ያሉ መዛግብት ፕሮግራም ባለሙያዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት «ሪሞት ካፕቸር» በነጻ ይነበባል፤ ስለ ካሜራ፣ ስለ መብራትና ስለ ፋይል አያያዝ ብዙ ያስተምራል። የኛን ውሳኔ ግን ማንም አይወስንልንም። ፎቶው ጀርባ ላይ «መስከረም 1958» ተብሎ ቢጻፍ እንደ ፈረንጅ 1965 ነው፤ «ሚያዝያ 1958» ከሆነ ደግሞ 1966። መመሪያው ዘመኑ እንደተጻፈ እንዲገለበጥና የተለወጠው ለብቻው እንዲቀመጥ ካላዘዘ አንዱ 1958 ይላል፣ ሌላው 1965፣ ከዓመታት በኋላም የትኛው የማን አቆጣጠር እንደሆነ የሚያውቅ አይኖርም። «የቤተሰብ ስም» የሚል ሣጥን ያለው ቅጽም የአባትን ስም ወስዶ ልጁንና አባቱን በማይገናኙ ቦታዎች ያስቀምጣቸዋል። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እያሉ በየፊናቸው የተጻፉ ስሞች ሲፈለጉ እንዲገኙም ደንብ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ እንዳለ ይቀዳል፣ ለፍለጋ የሚሆነው አንድ ወጥ አጻጻፍ ከጎኑ ይጨመራል።

ሌላው ተቃውሞ ሶፍትዌር በየጊዜው ስለሚለዋወጥ መመሪያው ቶሎ ያረጃል የሚለው ነው። የሚያረጀው የቁልፎቹ ገጽ ብቻ ነው፤ እሱን ለይቶ የሶፍትዌሩን ቨርዥንና ቀኑን ጽፎ ማያያዝ፣ ሲለወጥም እሱኑ መቀየር ይቻላል። እንዲያውም አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የመርሁ ገጽ ይበልጥ ይፈለጋል። አሁን የደበዘዘ ፊትን ጥርት አድርጎ የሚያወጣው አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ከሌሎች ፊቶች በተማረው ልክ አዲስ ዓይንና አዲስ አፍንጫ ይሠራል። ልጅ የአያቱን ፎቶ ሲያይ የሚያየው የአያቱን ፊት አይደለም። ቤተሰብ ለግድግዳ ከፈለገው ይሠራለት፤ ፋይሉ ስም ላይ ግን መሠራቱ ይጻፍ፣ ከዋናው ጋር በአንድ ፎልደር አይቀመጥ።

ረቂቁ ሲያልቅ ስካነር ነክቶ ለማያውቅ ሰው ከጥቂት ፎቶዎችና አንድ ኔጋቲቭ ጋር ይሰጠው፤ ማንም አይርዳው። ቆሞ የጠየቀበት መስመር ሁሉ እንደገና ይጻፍ።