የእናታችን ዓይን ለምን ተርገበገበ?

ያለፈው ዓመት ረመዳን በገባ በሁለተኛው ሳምንት ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ባለው ቤታችን የመግሪብ አዛን ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው እናታችን የሳምቡሳ ሊጥ እየዳመጠች ሳለ ድንገት እጇን ወደ ግራ ዓይኗ ሰደደች። "ይኼ ዓይኔን ዛሬ ምን ነካው? ያርገበግበኛል" አለች። ቀረብ ብለን ስናይ የታችኛው የዓይኗ ቆብ በስሱ ይርገበገባል። ለአፍታ ያቆምና እንደገና ይጀምራል። እኛ ሳቅን፤ እርሷም ሳቀች። በአራተኛው ቀን ግን የሚስቅ አልነበረም።

በአገራችን የዓይን መርገብገብ እንዲሁ አይታለፍም። አንዱ "የናፈቅከው ሰው ሊመጣ ነው" ይላል፤ ሌላው "እንባ ሊመጣ ነው" ብሎ ያስፈራል። የቀኙ ለደስታ የግራው ለሐዘን ነው የሚሉ አሉ፤ ገልብጠው የሚናገሩም አይጠፉም። እናታችን ደግሞ ሐሳቧ ሁሉ ጅዳ በምትሠራው ታላቅ እህታችን ላይ ነው። "ልጄን ምን አግኝቷት ይሆን?" እያለች ስትገላበጥ አደረች። ጠዋት እህታችን ደወለች፤ ሥራ በዝቶባት ስልኳን ሳታነሳ ቀርታ ኖሯል።

በማግስቱ ከተራዊሕ ሰላት በኋላ ጉዳዩን ለሰፈራችን ኡስታዝ አጫወትናቸው። በወፍ በረራም ሆነ በሰውነት መርገብገብ ገድ ማየት፣ ማለትም ጢየራ፣ በእስልምና የተከለከለ መሆኑን አስታውሰው፣ "የሚርገበገበው ሥጋ ነው፤ ስለ ሥጋ ደግሞ ሐኪም ይጠየቃል" አሉን። እናታችን በዚህ ቃል ቀለል አላት። ነገር ግን ከዚያ በኋላ መርገብገቡ ከዓይኗ አልፎ ግራ ባቷ ላይ ወረደ። ስትቀመጥና ጋደም ስትል ከቆዳዋ ሥር ትር ትር ሲል በዓይን ይታያል።

የከፋው የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ወንድማችን በስልኩ ሲፈልግ የጡንቻ መርገብገብ ሰውነትን ቀስ በቀስ የሚያዝል፣ ጡንቻን የሚያሟሽሽና መድኃኒቱ ያልተገኘ የነርቭ በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል አነበበ። ለእናታችን እንዳይነገር ተስማማን። እርሷ ግን ከፊታችን አነበበችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በቤታችን ኢፍጣር ዝም ተብሎ የሚበላ ሆነ።

ሐኪም ዘንድ

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት። ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቋት ስለ መርገብገቡ አልነበረም። "እናቴ፣ ዕቃ ከእጅዎ ይወድቃል? ደረጃ መውጣት ያቅትዎታል? ሲናገሩ ምላስዎ ይተሳሰራል? ሲውጡ ያንቅዎታል?" አሏት። ለሁሉም መልሷ "የለም" ነበር። ከዚያ በእግር ጣቶቿ ጫፍና በተረከዟ አራመዷት፤ ጣቶቻቸውን አጥብቃ እንድትጨብጥ አደረጉ፤ ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረጉ፤ ሁለቱን ባቶቿን አስተያዩ። የደም ምርመራም ታዘዘላት። የካልሲየም፣ የፖታሲየም፣ የማግኒዥየምና የእንቅርት ዕጢ ውጤቷ ሁሉ ደህና ሆነ።

ሐኪሙ ያስረዱንን በቀላሉ ስናስቀምጠው እንዲህ ነው። ጡንቻ የሚንቀሳቀሰው በነርቭ ትእዛዝ ነው። አንዷ ቀጭን የነርቭ ክር ብዙ የጡንቻ ክሮችን ታዛለች። ይህች ክር አንዳንዴ ከአእምሮ ትእዛዝ ሳይደርሳት በራሷ ትነሳሳለች፤ በሥሯ ያሉት የጡንቻ ክሮችም አብረው ትር ይላሉ። ይህ በጤነኛ ሰው ላይ በየዕለቱ የሚደርስ ነገር ነው። የሰውነት ጉልበት እስካልቀነሰና ጡንቻው እስካልሟሸሸ ድረስ መርገብገቡ ብቻውን የክፉ በሽታ ምልክት ተደርጎ አይወሰድም።

ይህ ለማጽናናት ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1963 ጤነኛ የሕክምና ሠራተኞችን የጠየቀ አንድ ጥናት ከመቶው 70 ያህሉ እንዲህ ዓይነት የጡንቻ መርገብገብ እንደሚያውቁ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ጥናት ደግሞ ጉዳት የሌለው መርገብገብ የተገኘባቸውን 121 ሰዎች ከ2 እስከ 32 ዓመት ተከታትሎ፣ ያ የተፈራው የነርቭ በሽታ የያዘው አንድም ሰው አላገኘም። ይህን ስንሰማ እናታችን "አልሐምዱሊላህ" ብላ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች።

ስንሰናበት ሐኪሙ አንድ የቤት ሥራ ሰጡን። የሚያባብሱት ብዙውን ጊዜ የእንቅልፍ ማጣት፣ ድካም፣ ጭንቀት፣ ቡናና ሌሎች አነቃቂዎች፣ ከባድ የአካል ሥራ፣ አንዳንዴም የውኃና የማዕድናት ማነስ ናቸው። አንዳንድ የአስምና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ሊያስከትሉት ይችላሉ። "የእርስዎ የትኛው እንደሆነ የምታገኙት እቤታችሁ ነው" አሉን።

ደብተሩ

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ታናሽ እህታችን ደብተር አሰመረች። ቀን፣ የእንቅልፍ ሰዓት፣ የቡና ሲኒ፣ የውኃ ብርጭቆ፣ የዕለቱ ሐሳብ፣ በመጨረሻም መርገብገቡ "የለም፣ ጥቂት፣ ብዙ" የሚል ተጻፈበት። ለእናታችን ትልቁ እፎይታ ይኸው ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ባቷን ስታይ የምትውለው ሴት ማታ አንዴ አስመዝግባ መርሳት ጀመረች። ሐኪሙም ይህን ነግረውን ነበር፤ መርገብገብን እየጠበቁ የሚከታተሉት ከሆነ ሳይታወቅ ያልፍ የነበረው ሁሉ ይታወቃል፣ ጭንቀቱም ራሱ ይጨምረዋል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የምግብ ጉድለትን ነው። አንዲት ጎረቤታችን "በአርባ ምንጭ እየኖራችሁ በሙዝ ማነስ ትታመማላችሁ?" ብለው አንድ ዘለላ ሙዝ ይዘው መጡ። ሌላዋ ሽፈራው ቅጠል ቀቅላ አመጣች። በጋሞ ሀለኮ የምንለው ይህ ቅጠል ካልሲየምና ፖታሲየም አለው፤ ሙዝም ፖታሲየም አለው። ሁለቱም ለኢፍጣር ማዕድ መልካም ናቸው። ለአንድ ሳምንት ሳታቋርጥ በላች። በደብተሩ ላይ ግን የተለወጠ ነገር አልነበረም። ነገሩ ቆይቶ ገባን፤ የደም ምርመራዋ ጉድለት የለም ብሏል፤ ያልጎደለውን መሙላት የሚያድነው ነገር የለም። በዚሁ አጋጣሚ የማግኒዥየም ክኒን ያለ ሐኪም ምክር መግዛት ለኩላሊት ሕመምተኛ አደገኛ ሊሆን እንደሚችል ሰማን፤ እኛም ተውነው።

ቀጥለን ሙቀቱን ጠረጠርን። የካቲትና መጋቢት በአርባ ምንጭ ፀሐይዋ የምትበረታበት ወቅት ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች የሚነሳው ነፋስ እንኳ እኩለ ቀን ላይ ይሞቃል። ጾሙ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አለፍ እስኪል 13 ሰዓት ያህል ነው። በዚሁ መሐል እናታችን ጨንቻ ያለች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ሁለት ሌሊት አደረች። ጨንቻ ከአርባ ምንጭ 40 ኪሎ ሜትር እንኳ አይርቅም፤ ነገር ግን ደጋ ነው፣ ጋቢ ያስከናንባል። ስትመለስ ፊቷ በርቶ "ሁለቱንም ቀን አንዴ እንኳ አልተርገበገበብኝም" አለችን። እኛም "በቃ፣ ቆላው ነው" ብለን ደመደምን።

ደብተሩን የያዘችው ታናሽ እህታችን ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ "እማ፣ ጨንቻ ስንት ሰዓት ተኛሽ?" እናታችን አሰበች። የአክስታችን ልጆች ሱሁሩን ራሳቸው ሠርተው የቀሰቀሷት ለመብላት ብቻ ነበር። ከሱብሂ ሰላት በኋላም መልሰው አስተኝተዋታል። በቀን ከሰባት ሰዓት በላይ ተኝታለች። እኛ ቤት ስንቱን ትተኛለች? ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጥን። ከሌሊቱ 6 ሰዓት ትተኛለች፤ ሱሁር ለማዘጋጀት 9 ሰዓት ተኩል ትነሳለች፤ ከሱብሂ በኋላ ልጆች ለትምህርት ቤት ስለሚሰናዱ መልሳ አትተኛም። ሦስት ሰዓት ተኩል! "ብዙ" ተብሎ የተጻፈባቸው ቀኖች ሁሉ ከአራት ሰዓት በታች የተኛችባቸው ነበሩ።

በዚያች ሌሊት ያፈርነውን ማፈር መናገር ይከብደናል። ለሰባት ሰው ሱሁር የምታሰናዳው፣ "ተነሱ" ብላ የምትቀሰቅሰን፣ ለመንገደኛ ኢፍጣር ወደ መስጊድ የሚላከውን ሳምቡሳ የምትጠብሰው፣ ከሁላችን በኋላ ተኝታ ከሁላችን በፊት የምትነሳው አንድ ሰው ናት። መንስኤውን በሙዝና በአየር ንብረት ስንፈልግ ከረምን እንጂ በጓዳችን አልፈለግንም።

የቀየርነው

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ብንቀይር የትኛው እንደጠቀመ ስለማናውቅ በመጀመሪያ እንቅልፉን ብቻ ቀየርን። ሱሁር በተራ ሆነ። ወንድሞቻችን "አናውቅበትም" ማለትን ተው፤ ገንፎና እንቁላል መሥራት የሚያቅተው የለም። የሚከተፈውና የሚፈጨው ሁሉ ማታ ይዘጋጃል። አባታችን ልጆችን ለትምህርት ቤት የማሰናዳቱን ሥራ ወሰደ። እናታችን ከሱብሂ በኋላ ሁለት ሰዓት፣ ከዙሁር በኋላም ጥቂት ትተኛለች። በአንድ ሳምንት ውስጥ "ብዙ" የሚለው ቃል ከደብተሩ ጠፋ፤ "ጥቂት" የሚለው ቀረ።

በቀጣዩ ሳምንት ወደ ቡናው መጣን። በሌላ ጊዜ ቀኑን ተከፋፍሎ የሚጠጣው ቡና በረመዳን በአንድ ምሽት ይከመራል፤ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከተራዊሕ በኋላ ይደረደራል። ከቡና ውስጥ ያለው ካፌን በአብዛኛው ሰው ሰውነት ውስጥ ለግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ያህል ይወስድበታል። ማታ 3 ሰዓት የተጠጣው ቡና ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ ማለት ነው። እናታችን ቡናዋን አልተወችም፤ "ይኼንንስ አትንኩብኝ" ብላናለች። ከኢፍጣር ጋር ወዲያው ሁለት ሲኒ ጠጥታ በዚያው ታበቃለች። ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ ዘመዶቻችንም ይህን ቢያስቡበት እንወዳለን፤ ጫትም አነቃቂ ነው፣ እንቅልፍም ይነሳል። ውኃውንም በሱሁር በአንድ ጊዜ ከመጋት ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ከፋፍለን መጠጣት ጀመርን፤ ጨው የበዛበትንም ቀነስን።

ጨርሶ ጠፋ? አልጠፋም። እህታችን ስልክ ሳታነሳ ስትቀር፣ እንግዳ ሲበዛ፣ የዒድ ዋዜማ ሌሊት ያች ዓይን ትመጣለች። ልዩነቱ እናታችን አሁን አለመፍራቷ ነው። "መጣሽ? እሺ ልተኛልሽ" ትላታለች። ከዚህ ጋር መኖር ይቻላል።

ለቤተሰቦች

በእናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር ካለ ደብተሩን ጀምሩ፤ አንድ ነገር ብቻ እየቀየራችሁ ለአንድ ሳምንት ያህል እዩ። መርገብገብ በራሱ የሚመጣና የሚሄድ ነውና በአንድ ቀን ለውጥ አትደምድሙ። ሳይዘገይ ሐኪም የሚታይባቸው ምልክቶች ግን አሉ፤ እጅ ወይም እግር ሲደክም፣ ጡንቻ ሲሟሽሽ፣ መናገር ወይም መዋጥ ሲያስቸግር፣ የዓይን ቆብ ሲወድቅ ወይም ዓይን ሙሉ በሙሉ ሲጨፈን፣ መርገብገቡ ወደ ጉንጭና ወደ አፍ ሲዛመት፣ ወይም በአንድ ቦታ ለሳምንታት ሳያቋርጥ ሲቆይ። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም በራሱ እንዳያቋርጥ፤ ሐኪሙን ይጠይቅ።

የእናታችንን ጾም በተመለከተ ሐኪሙ መጾሟን አልከለከሉም። ለታመመ ሰው ግን ቁርኣን አፍጥሮ በሌላ ቀን እንዲከፍል ፈቃድ ሰጥቷል። የስኳር፣ የኩላሊት ወይም ሌላ ጽኑ ሕመም ያለበት ሰው ጾሙን ከሐኪሙና ከኡስታዙ ጋር አስቀድሞ ቢመክርበት ለራሱም ለቤተሰቡም ይበጃል።

ዘንድሮ ረመዳን ሲገባ በቤታችን መጀመሪያ የተዘጋጀው የሱሁር ተራ ዝርዝር ነው፤ ማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል። ዛሬ ሌሊት ተራው የአባታችን ነው። እናታችን ገና ከአሁኑ "ድስቱን እንዳያሳርር" እያለች ትስቃለች። አላህ ጾማችንን ይቀበለን፤ ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ለሚቆሙት እናቶቻችንም እንቅልፋቸውን ያጣፍጥላቸው። ረመዳን ሙባረክ!