ጨረቃ ላይ የታየው ድልድይ

ጆን ኦኒል ወሬ የሚያራግብ ሰው አልነበረም። የኒውዮርክ ሄራልድ ትሪቡን ጋዜጣ የሳይንስ አዘጋጅ ነው፤ በ1937 የፑሊትዘርን ሽልማት ከተጋሩት ጋዜጠኞች አንዱ ነው፤ የኒኮላ ቴስላን የሕይወት ታሪክም ጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ጁላይ 29 ቀን 1953 ሌሊት፣ ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ኦኒል በቴሌስኮፑ ማሬ ክሪዚየም የሚባለውን ጠቆር ያለ ሜዳ ዳርቻ ሲቃኝ፣ ፊት ለፊት በሚተያዩ ሁለት የተራራ ጫፎች መካከል ከሥሩ ብርሃን የሚያሾልክ ቅስት አየ። ርዝመቱን ወደ 20 ኪሎ ሜትር ገመተው። ተፈጥሮ የሠራችው ግዙፍ ድልድይ ነው ብሎም ለጨረቃና ለፕላኔት ተመልካቾች ማኅበር ጻፈ።

ነገሩ በዚያው ተረስቶ ይቀር ነበር፤ ብሪታንያዊው ፐርሲ ዊልኪንስ ባይገባበት። ዊልኪንስ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ፣ ሌሊት ደግሞ በዘመኑ ስመ ጥር የጨረቃ ተመልካች ነው። ስፋቱ ከሰባት ሜትር የሚያልፍ የጨረቃ ካርታ በእጁ ስሏል፤ የብሪታንያ የሥነ ፈለክ ማኅበርን የጨረቃ ክፍልም ይመራ ነበር። በሚቀጥለው ወር ቴሌስኮፑን ወደዚያው ቦታ አዞረና «እኔም አየሁት» አለ። ይህም ሳያንሰው በቢቢሲ ሬዲዮ ቀርቦ ነገሩ ሰው ሠራሽ እንደሚመስል ተናገረ። ከዚያ ወዲያ ወሬውን ማን ይያዘው! የጨረቃ ነዋሪዎች ድልድይ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ የሚዞረው ከዚያ ተነሥቶ ነው።

ድልድይ የለም። ያለው ሁለት የተራራ ጫፍ፣ በአቅራቢያቸው ያሉ ትንንሽ ጉድጓዶችና ልትጠልቅ የተቃረበች ፀሐይ ነው። ጥላና ብርሃን በአንድ ልዩ ማዕዘን ሲገጣጠሙ ቅስት ይሠራሉ፤ ፀሐይዋ ትንሽ ስትንቀሳቀስ ቅስቱ ይፈርሳል። ዊልኪንስ ከሥራ ባልደረቦቹ ብዙ ትችት ወረደበት። እኔ ግን በኦኒል ለመሳቅ አልቸኩልም። ያየውን በትክክል አይቷል፤ የተሳሳተው በትርጓሜው ነው። በጨረቃ ላይ ያልተለመደ ነገር ለማየት ቴሌስኮፕ የሚያነሣ አማተር ሁሉ የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው።

ፈተናው የሚመጣው ከጥላ ነው። ጨረቃ ብርሃንን የሚበትን አየር ስለሌላት ጥላዋ ድፍን ጥቁር ነው፤ ጠርዙም ስል ነው። ፀሐይ ከአድማስ በላይ አንድ ዲግሪ ብቻ ብትወጣ 300 ሜትር ከፍታ ያለው ጉብታ ወደ 17 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ጥላ ይጥላል። አምስት ዲግሪ ስትደርስ ያው ጥላ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያጥራል። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ጥላ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ተራራውም ጉድጓዱም ነጭ ሜዳ ይሆናል። ስለዚህ ለተመልካች ዋናው ቦታ ብርሃንና ጨለማ የሚዋሰኑበት መስመር ነው። መስመሩ በጨረቃ ወገብ ላይ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከእራት በፊት ያዩት ገጽታ ከእራት በኋላ ሌላ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ቴሌስኮፕ የገዛ ሰው ብዙ ጊዜ ወዳጆቹን የሚጋብዘው ጨረቃ ሙሉ በሆነችበት ሌሊት ነው። ከዚያ የከፋ ሌሊት የለም።

ለዚህ ማስረጃ ከተፈለገ ሩፔስ ሬክታ አለላችሁ፤ አማተሮች «ቀጥተኛው ግንብ» ይሉታል። ማሬ ኑቢየም በተባለው ሜዳ ላይ 110 ኪሎ ሜትር ያህል የተዘረጋ መስመር ነው፤ ከአዲስ አበባ አዳማ ካለው መንገድ ይረዝማል ማለት ነው። የሆላንዱ ክርስቲያን ሁይኸንስ በ17ኛው መቶ ዘመን ያስተዋለው ሲሆን፣ ጫፉ ላይ ካለው ሸንተረር ጋር ሰይፍ ስለሚመስል በስሙ «የሁይኸንስ ሰይፍ» ተብሏል። ጨረቃ በግማሽ ከሞላች በማግሥቱ ገደማ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። ሁለት ሳምንት ቆይተው ጨረቃ ስትጎድል ቢመለሱበት ደግሞ ፀሐይ ከወዲያ በኩል ታርፍበታለችና ነጭ ክር ይሆናል። በመካከሉ ባሉት ቀናት ጭራሹን ይጠፋል። ግንብ የሚለው ስም ደግሞ ራሱ የጥላው ልጅ ነው። ከፍታው 300 ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ ግን ከሁለት እስከ ሦስት ኪሎ ሜትር ነው፤ በእግሩ የሚወጣው ሰው ቢገኝ ገደል ሳይሆን ዝግ ያለ ዳገት ነው የሚያገኘው። የጨረቃ ቅርፊት ተሰንጥቆ አንደኛው ወገን ዝቅ በማለቱ የተፈጠረ ነው።

ሌላው የጥላ ጨዋታ የላቲኑ ኤክስ ፊደል ነው። ብላንኪነስ፣ ላ ካይ እና ፑርባክ የተባሉ ሦስት ጉድጓዶች ጠርዞቻቸው ይገናኛሉ። ጨረቃ በግማሽ ልትሞላ ጥቂት ሰዓታት ሲቀሯት ፀሐይ መጀመሪያ የምታገኘው እነዚህን ጠርዞች ስለሆነ፣ በጨለማው ውስጥ የሚያበራ ኤክስ ለአራት ሰዓት ያህል ይታያል። ያ ሰዓት በእኛ ቀን ላይ ከዋለ ለዚያ ወር አመለጠ።

ደንቡን የሚያፈርስ አንድ ነገር አለ። ራይነር ጋማ ይባላል፤ ኦሽነስ ፕሮሴላረም በተባለው ሰፊ ሜዳ ላይ የተንጣለለ፣ ዓሣ የሚመስል ደማቅ ንጣፍ ነው። ፀሐይ ከየትም ብትመጣ ጥላ አይጥልም፤ ምክንያቱም ከፍታም ጥልቀትም የለውም። በዚያ ቦታ ከአካባቢው የጠነከረ መግነጢሳዊ መስክ ተገኝቷል። ብዙ ተመራማሪዎች ይህ መስክ ከፀሐይ የሚነፍሰውን ቅንጣት እየመከተ አፈሩ እንዳይጠቁር ጠብቆታል ይላሉ፤ መግነጢሱ ከየት መጣ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። በትንሽ ቴሌስኮፕ የሚታይ፣ ሊቃውንቱም ያልጨረሱት ጥያቄ ማግኘት ቀላል ዕድል አይደለም።

ወደ ስሕተቶቹ ልመለስ፤ ከሁሉ ትልቁን ዘልዬዋለሁና። በ1830ዎቹ ጀርመኖቹ ቤርና ሜድለር እጅግ የተዋጣ የጨረቃ ካርታ አወጡ። ጨረቃ አየር የሌላት፣ የማትለወጥ ሙት ዓለም ናት ብለውም ደመደሙ። ሰው አመናቸው፤ ሙት ነገር ደግሞ ማን ያያል? ለ30 ዓመት ያህል የጨረቃ ምልከታ ቀዘቀዘ። በ1866 የአቴንስ የሥነ ፈለክ ማዕከል ኃላፊ ዩሊየስ ሽሚት አንድ ነገር አወጀ፤ በማሬ ሰረኒታቲስ ላይ ያለው ሊኔ የተባለ ጉድጓድ ጠፍቷል፣ በቦታው የቀረው ነጭ ደመና መሰል ነጠብጣብ ብቻ ነው አለ። ሽሚት በኋላ ከ32 ሺህ በላይ ጉድጓዶችን በካርታ ያሰፈረ ሰው ነውና ቃሉ ተራ ቃል አልነበረም። የቀደሙት ካርታዎች ሊኔን ጥልቅና ሰፊ ጉድጓድ አድርገው ያሳዩ ነበር። ስለዚህ በመላው አውሮፓ ቴሌስኮፕ ያለው ሁሉ ወደ ሊኔ አነጣጠረ፤ ለዐሥርት ዓመታት ተጻፈ፣ ተከራከሩ።

በ1971 አፖሎ 15 በላዩ ሲያልፍ ፎቶ አነሣው። ሊኔ ስፋቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚያልፍ፣ ክብ፣ በጨረቃ ዕድሜ ሲለካ ገና ትኩስ የሆነ ጉድጓድ ነው። ዙሪያውን ከውስጡ የተረጨ ነጭ ድንጋይ ከቦታል። ፀሐይ ከፍ ስትል ጉድጓዱ በንጣቱ ውስጥ ይሰወርና ነጠብጣብ ብቻ ይታያል፤ ዝቅ ስትል ደግሞ ትንሿ ጉድጓድ ብቅ ትላለች። አንዳችም ነገር አልተለወጠም፤ የተሳሳቱት የድሮዎቹ ካርታዎች ናቸው። ሆኖም ይህ ስሕተት ለጨረቃ ምልከታ ያደረገውን ውለታ የቤርና የሜድለር የተዋጣ ካርታ አላደረገም ብል አላጋነንኩም። ተኝቶ የነበረውን ሁሉ ቀስቅሷል።

ከቅርጽ ይልቅ ብርሃን ያዩም ብዙ ናቸው። ዩራነስን ያገኘው ዊልያም ሄርሽል በ1787 በጨለማው የጨረቃ ክፍል ላይ እሳተ ገሞራ አየሁ ብሎ ነበር፤ ያየው ከምድር በተንጸባረቀ ብርሃን የደመቁ ጉድጓዶችን ሳይሆን አይቀርም። ኖቬምበር 3 ቀን 1958 ሶቭየታዊው ኒኮላይ ኮዚሬቭ በክሪሚያ ትልቅ ቴሌስኮፕ አልፎንሰስ ከተባለው ጉድጓድ ጋዝ ሲወጣ መዘገብኩ አለ፤ መረጃው እስካሁን አከራካሪ ነው። በ1968 ናሳ ከ1540 ወዲህ የተመዘገቡ 579 እንዲህ ያሉ ሪፖርቶችን ሰብስቦ አሳተመ፤ ብዙዎቹ አሪስታርከስ በተባለው፣ በጨረቃ ላይ እጅግ ደማቅ በሆነው ባለ 40 ኪሎ ሜትር ጉድጓድ ዙሪያ የታዩ ናቸው። የአፖሎ 11 ጠፈርተኞች ሳይቀሩ ከሂውስተን «እስቲ ወደዚያ ተመልከቱ» ተብለው ነበር፤ ከአካባቢው የደመቀ ቦታ እንደሚያዩ መለሱ። አሪስታርከስ እንደሆነ ሁልጊዜም ከአካባቢው የደመቀ ነው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ከእነዚህ ሪፖርቶች የሚበዙት የተወለዱት በእኛው አየርና በእኛው ሌንስ ውስጥ ነው። ጨረቃ ለአድማስ ስትቀርብ የምድር አየር ብርሃኗን ይከፍለውና በደማቅ ጉድጓድ አንደኛ ጠርዝ ቀይ፣ በሌላው ሰማያዊ ቀለም ያወጣል። ርካሽ ሌንስም ይህንኑ ያደርጋል። ቀይ ነገር አየሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሌላ ደማቅ ጉድጓድ ይመልከት፤ ያኛውም ከቀላ ጨረቃ ምንም አልሆነችም።

ታዲያ በጨረቃ ላይ ምንም አይከሰትም? ይከሰታል እንጂ። በኖቬምበር 1999 ምድርና ጨረቃ የሊዮኒድ ተወርዋሪ ድንጋዮች በሚጓዙበት መንገድ ሲያልፉ፣ አሜሪካ ውስጥ ያሉ ተመልካቾች ከጨለማው የጨረቃ ክፍል ላይ ብልጭታ በዓይንና በቪዲዮ ያዙ። የተለያየ ቦታ ሆነው ያንኑ ብልጭታ በአንድ ቅጽበት መዝግበዋልና የማያጠራጥር ሆነ። ናሳ ከዚያ ወዲህ ለዚሁ ሥራ ቴሌስኮፖች መድቧል፤ መጠናቸውም አማተር ከሚገዛው ብዙ አይበልጥም፣ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ናቸው። ማርች 17 ቀን 2013 ወደ 40 ኪሎ ግራም የተገመተ ድንጋይ ማሬ ኢምብሪየም ላይ ወድቆ በዓይን ሊታይ በሚችል ድምቀት ፈነጠቀ። በጨረቃ ዙሪያ የምትዞር አንዲት መንኰራኩር በኋላ ቦታውን ስታስስ 18 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ አገኘች። በጃንዋሪ 2019 የጨረቃ ግርዶሽ ጊዜም ግርዶሹን ሲቀርጹ የነበሩ ብዙ አማተሮች አንድ ብልጭታ በካሜራቸው ውስጥ አግኝተዋል።

ለመጀመር ብዙ ነገር አያስፈልግም። እንጦጦ ላይ ባለ አንድ ሜትር ስፋት ሁለት ቴሌስኮፖች ቆመዋል፤ ለጨረቃ ግን የዚያ አሥረኛ ይበቃል። የቴሌስኮፑ የፊት ሌንስ ወይም መስተዋት 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ፣ አየሩ ሲረጋ ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ነገር መለየት ይችላል። ካርቶኑ ላይ «600 ጊዜ ያጎላል» ብሎ ለሚፎክር አሻንጉሊት ገንዘብዎን አያውጡ። ጤነኛው ልክ በሚሊ ሜትር ከተለካው የሌንስ ስፋት እጥፍ አይበልጥም፤ ለባለ 10 ሴንቲ ሜትሩ 200 ጊዜ መሆኑ ነው። እግሩም እንዳይወዛወዝ ይፈትኑት፤ የሚንቀጠቀጥ ቴሌስኮፕ እንደሌለ ይቆጠራል።

ቦታችን ደግሞ የታደለ ነው። ለንደን ያለ ሰው በአንዳንድ ዓመታት ጨረቃን ከአድማስ አሥር ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ፣ በወፍራምና በሚናወጥ አየር ውስጥ ያያታል። አዲስ አበባ ላይ ግን በጉዞዋ መካከል ስትደርስ ከ50 ዲግሪ በታች አትወርድም፤ ብዙ ጊዜ አናት ላይ ናት። ክረምቱ ይከለክላል፤ ከጥቅምት በኋላ ያለው ጥርት ያለ ሰማይ ግን ይክሳል። በግማሽ የሞላች ጨረቃ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ አናት ላይ ትሆናለች፣ እኩለ ሌሊት አካባቢ ትጠልቃለች፤ እንቅልፍ እንኳ አታሳጣም። በዚያ ምሽትና በማግሥቱ ቢጀምሩ «ቀጥተኛው ግንብ» ሊገኝ ይችላል። ካርታ ይያዙ፤ ቴሌስኮፕ ምስሉን እንደሚገለብጥም አይርሱ።

ከካርታው ውጪ የሆነ ነገር ካዩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያጎሉበትን መጠን ጽፈው ንድፉን ይሳሉ። ከዚያ ለማንም ከማውራትዎ በፊት ይጠብቁ። የጨረቃ ዙር 29 ቀን ተኩል ነው፤ በሚቀጥለው ዙር ያው ብርሃን ሲመጣ ለእርስዎ ቀን ይሆናል። ሁለት ዙር ግን 59 ቀን ከአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ያኔ ያው ጥላ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ ሰዓቱም ከመጀመሪያው ብዙ አይርቅም። የብሪታንያ የሥነ ፈለክ ማኅበር የድሮ ሪፖርቶችን የሚያጣራው በዚሁ መንገድ፣ ያንኑ የብርሃን ማዕዘን ጠብቆ እንደገና በማየት ነው። በ59ኛው ቀን ድልድዩ እንደገና ከታየ ጥላ ነው፤ ካልታየ ግን ማስታወሻዎን አይጣሉት።