ከጎመን ቅጠል እስከ መረጃ ቋት፦ የጓሮ ነፍሳት የቅርብ ፎቶግራፍ በየካና በእንጦጦ ግርጌ

መግቢያ

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ ተራራው በሚወጣው ሰፈር፣ ብዙው ግቢ ከአጥሩ ሥር ጥቂት መደብ ጎመን፣ አንድ ሁለት እግር ጌሾ፣ ጤና አዳምና እንስላል አያጣም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ጎረቤት እናትን ጎመናቸው መካከል አገኛቸው። ጎመኑን ክሽክሽ መትቶታል። እናቲቱም ቅጠሉን እየገለበጡ፣ ብርቱካንማ ነጠብጣብ ያለበትን ጥቁር ትል በጣታቸው እየፈጩ፣ «ይኸው ልጄ፣ የበላብኝ ይሄ ነው» አሉ። ትሉ ግን የነጠብጣብ ጥንዚዛ እጭ ነበር፤ ጎመን አይበላም፤ የሚበላው ክሽክሹን ነው። «ይተዉት እማማ» ማለት ብቻውን አላሳመናቸውም። ያሳመናቸው በካሜራው ስክሪን ላይ ያዩት ምስል ነው፦ እጩ አንድ ክሽክሽ በመንጋጋው ይዞ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማክሮ እየተባለ የሚጠራው የቅርብ ፎቶግራፍ እንዴት እንደሚሠራ ማብራራትና፣ እንዲህ ያለው ምስል ከጌጥነት አልፎ ለሳይንስ ማስረጃ የሚሆንባቸውን ሁኔታዎች ማሳየት ነው። እነዚህም አራት ናቸው፦ ነፍሳቱን ለመለየት የሚያስፈልገው የአካል ክፍል መታየቱ፣ መጠኑ መታወቁ፣ ቦታውና ጊዜው በትክክል መመዝገባቸው።

የቅርብ ፎቶግራፍ አሠራር

በሙያው አጠራር ማክሮ የሚባለው፣ የሚነሣው ነገር በካሜራው ሴንሰር ላይ ከነተፈጥሮ መጠኑ የሚያርፍበት ደረጃ ነው፤ ይህም «አንድ ለአንድ» ይባላል። 2 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ክሽክሽ በዚህ ደረጃ ሲነሣ ሴንሰሩም ላይ 2 ሚሊ ሜትር ይይዛል። የሴንሰሩ ወርድ 36 ሚሊ ሜትር፣ የምስሉም ወርድ 6,000 ፒክስል ቢሆን፣ ለክሽክሹ የሚደርሰው 333 ፒክስል ገደማ ነው። ይህ እግሩንና አንቴናውን ለማየት ይበቃል፤ የእግሩን ፀጉር ለመቁጠር ግን አይበቃም።

ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ሌንስ ለተማሪ ኪስ ውድ ነው። ሆኖም በካሜራውና በሌንሱ መካከል የሚገባ ባዶ ቱቦ ያንኑ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ወደ ሩቅ የተስተካከለ የ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ 50 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሲገባለት አንድ ለአንድ ይደርሳል። ሌንሱን በማያያዣ ቀለበት ገልብጦ መግጠምም ሌላው መንገድ ነው። በስልክ ካሜራ ላይ የሚቆነጠጡ ትንንሽ ሌንሶችም ለመነሻ ያገለግላሉ።

ማጉላት ግን ዋጋ ያስከፍላል። አንድ ለአንድ ላይ ሴንሰሩን የሚያገኘው ብርሃን ከተለመደው ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀትም እጅግ ይቀጥናል፤ አፐርቸር የሚባለው የሌንሱ የብርሃን ቀዳዳ ቁጥር 8 ላይ ሲሆን ጥልቀቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ምስሉ በእጥፍ ሲጎላ ደግሞ ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ይሆናል። ስለዚህ የንቢቱ ዓይን ሲጠራ ክንፏ ይደበዝዛል። ቀዳዳውን ወደ 16 ማጥበብ ጥልቀቱን በእጥፍ ይጨምራል፤ ነገር ግን ብርሃን በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን የምስሉ ጥራት በጠቅላላው ይቀንሳል።

ከዚህ ችግር የሚያወጡ ሦስት ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ካሜራውን ከነፍሳቱ ጎን ትይዩ አድርጎ መያዝ ነው፤ ያን ጊዜ ስስ የሆነው የጥራት ገጽ ከራስ እስከ ሆድ ያለውን አካል በአንድነት ይሸፍናል። ሁለተኛው የፍላሽን ብርሃን በነጭ ወረቀት ወይም በስስ ጨርቅ አለስልሶ መጠቀም ነው። ሦስተኛው ትኩረቱን በጥቂት በጥቂቱ እያራመዱ ብዙ ምስሎችን ማንሣትና የየአንዳንዱን ጥርት ያለ ክፍል በኮምፒውተር ማዋሐድ ነው። በዚህ በመጨረሻው ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነፍሳቱ በመካከሉ ከተንቀሳቀሰ የተዋሐደው ምስል ያልነበረ ሰባተኛ እግር ሊያበቅልለት ይችላል። ስለዚህ ምስሉ ለጥናት ከዋለ የመነሻ ምስሎቹ አብረው መቀመጥ አለባቸው።

በዚህ ረገድ የእንጦጦ ብርድ የፎቶግራፍ አንሺው አጋዥ ነው። የነፍሳት የሰውነት ሙቀት ከአካባቢው አየር ጋር ስለሚወርድ፣ ማለዳ ፀሐይ ቅጠሉን ሳትነካው አብዛኞቹ ደንዝዘው ይቆያሉ። ይዞ ማቀዝቀዝ ወይም መግደል ሳያስፈልግ፣ በቦታቸው እንዳሉ በእርጋታ ማንሣት የሚቻለው በዚያ ሰዓት ነው።

ለመለየት ምን ይነሣ?

የሚያምር ምስል ሁሉ ለመለየት አይበቃም። በመስከረም አደይ አበባ ላይ፣ በሌላውም ወራት በእንስላል አበባ ላይ የሚያርፉ ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ነፍሳት በአንድ ቃል «ንብ» ይባላሉ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን ንብ መሰል ዝንቦች ናቸው። ንብ አራት ክንፍና ክርን መሳይ አንቴና አላት፤ ዝንብ ግን ሁለት ክንፍ ብቻ፣ አጭር አንቴናና አብዛኛውን ራሱን የሚሸፍን ዓይን አለው። ከፊት ብቻ የተነሣ ምስል ክንፉን አያስቆጥርም፤ ከላይ ብቻ የተነሣም የፊቱን ገጽታ ይደብቃል። ስለዚህ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት የተነሡ ሦስት ምስሎች ከአንድ እጅግ ውብ ምስል ይበልጣሉ። ልዩነቱ ለጓሮውም ይጠቅማል፤ የብዙዎቹ ንብ መሰል ዝንቦች እጭ ክሽክሽ በሊታ ነውና።

ጎመኑ ላይ ሌላም የሚታይ አለ። በአመዳም ክሽክሽ መንጋ መካከል አልፎ አልፎ ያበጠ፣ ቡናማና ደረቅ ክሽክሽ ይገኛል። ቀርበው ሲያዩት ጀርባው ላይ ክብ ቀዳዳ አለው። ጥቃቅን ተርቦች እንቁላላቸውን በክሽክሹ ውስጥ ይጥላሉ፤ እጩ ከውስጥ በልቶት ያድግና ቀፎውን በስቶ ይወጣል። ይህን ያየ ሰው መድኃኒት ከመርጨቱ በፊት ቆም ብሎ ያስባል፤ መርጩ ተርቡንም ጥንዚዛውንም አብሮ ይፈጃልና።

ምልክቱን ማወቅ ከጓሮ ያለፈ ዋጋ እንዳለው የአሜሪካ መጤ ተምች አሳይቷል። በ2009 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መታየቱ የተረጋገጠው ይህ ተባይ በትልነቱ ጊዜ ከሌሎች ተምቾች የሚለየው በግንባሩ ላይ ባለ ተገልብጦ የተጻፈ የላቲን «ዋይ» በሚመስል ነጭ ምልክትና በጅራቱ አጠገብ በካሬ ቅርጽ በተሰደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ነው። ሁለቱም በቅርብ ፎቶግራፍ በግልጽ ይታያሉ፤ ከርቀት በተነሣ የበቆሎ ማሳ ምስል ግን አይታዩም።

ቦታ፣ ሰዓትና ቀን

መጠኑን ለማስመዝገብ ነፍሳቱ ከተነሣ በኋላ ትኩረቱን ሳይነኩ የሚሊ ሜትር ማስመሪያን በዚያው ርቀት ማንሣት ይበቃል። ቦታ ሲመዘገብ ከፍታውም መጨመር አለበት። አዲስ አበባ በአማካይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የእንጦጦ አናት 3,200 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በ100 ሜትር በግምት 0.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀንስ ልዩነቱ አምስት ዲግሪ ያህል ነው። «አዲስ አበባ» ብቻ ተብሎ የተመዘገበ ነፍሳት ከታች ካለው የጎመን መደብ ይሁን ከላይ ካለው የጽድና የባሕር ዛፍ ጥላ የተነሣ አይታወቅም።

በእኛ አገር ልዩ ጥንቃቄ የሚሹት ቀንና ሰዓት ናቸው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጀመሪያ ማስታወሻው ላይ «2/1/2017፣ 2፡30» ብሎ ጽፎ ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማለቱ ነበር። ካሜራው ግን ያንኑ ቅጽበት ሴፕቴምበር 12 ቀን 2024፣ 8፡30 ብሎ መዝግቦታል። ማስታወሻው እንዳለ ወደ ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋት ቢገባ፣ በክረምቱ ማብቂያ ጠዋት አበባ ላይ የነበረች ንብ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሳ በጥር ወር በጋ፣ በሌሊት ስትበር ትገኛለች። የዘመን አቆጣጠሩንና የሰዓቱን ዓይነት በእያንዳንዱ መዝገብ ላይ መጥቀስ የአንድ መስመር ሥራ ነው፤ ሳይጠቀስ ከቀረ ግን ስህተቱን ከዓመታት በኋላ የሚያርመው አይገኝም።

ፎቶግራፍ የማይደርስበት

ፎቶግራፍ ሁሉን አይለይም። በ2011 እ.ኤ.አ. ኤፒስ ሜሊፌራ ሲመንሲስ የሚል ስም ተሰጥቷት በራሷ ንዑስ ዝርያነት የተገለጸችው የኢትዮጵያ ንብ የተለየችው የብዙ ንቦች አካል በዝርዝር ተለክቶ ነው፤ በአበባ ላይ በተነሣ ምስል ይህን ማድረግ አይቻልም። ከብዙ ጥንዚዛዎችና ተርቦችም ዝርያቸው የሚታወቀው በማይክሮስኮፕ ሥር ወይም በዘረ መል ምርመራ ብቻ የሆኑ አሉ። በአራት ኪሎ የሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ያለው ዓይነት የናሙና ክምችት በምስል የማይተካውም ስለዚህ ነው። ምስሉ የሚያሳየው ነፍሳቱ በሕይወት ሳለ ምን እንደበላ፣ የት እንዳረፈና ቀለሙ ምን እንደነበረ ነው፤ በመርፌ የተሰካ ናሙና ደግሞ ይህን አይነግርም።

ማጠቃለያ

የቅርብ ፎቶግራፍ በትንሽ ወጪ፣ ነፍሳትን ሳይገድል፣ ከቤት አጥር ሳይወጣ የሚሠራ የመስክ ጥናት መንገድ ነው። ጥቅሙ የሚሟላው ግን ማስመሪያው፣ ከፍታው፣ ቀኑና ሰዓቱ እንደ ምስሉ ሁሉ ትኩረት ሲያገኙ ነው። በመግቢያው የተጠቀሱት እናት አሁን ጎመናቸውን ሲያገላብጡ ጥቁሩን እጭ አይነኩትም። ክሽክሹ በአንድ ጊዜ አልጠፋም፤ ሆኖም የማያውቁት ትል ሲያጋጥማቸው ከመፍጨታቸው በፊት «ልጄ፣ ካሜራህን ይዘህ ና» ብለው ይጣራሉ።