ቀላል ጋዝ በፈጣን መኪና ውስጥ

በአቃቂ ቃሊቲ በገላን ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ርስቱ በፎቅ ላይ ያለች አንዲት ቤት ናት። የአባቶቻችን ርስት ወሰን በድንጋይና በወንዝ፣ በሽማግሎችም ምስክርነት ይታወቅ ነበር፤ የዚህች ቤት ማስረጃ ግን በወረቀትና በኮምፒውተር መዝገብ ይጠበቃል። ስለዚህ መዝገቡ በምን ላይ እንደሚጻፍና በምን ምክንያት እንደሚጠፋ ማወቅ ለሹም ሁሉ የሚገባ ነው።

ብዙ መዝገብ በአንድነት በሚከማችበት ቦታ ጽሕፈቱ የሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ በሚባለው ሳጥን ውስጥ፣ በደቂቃ እስከ 7,200 ጊዜ በሚዞሩ ስስ ሰሌዳዎች ላይ ነው። የሚያነበው ክንድ ሰሌዳውን ሳይነካ እጅግ ቀርቦ ያልፋል። አየር ባይታይም ክብደት አለውና፣ እንዲህ የፈጠነውን ሰሌዳ ይጎትተዋል፤ ያንቀጠቅጠዋልም።

ሊቃውንት ለዚህ ያገኙት ብልሃት አየሩን አውጥቶ ሄሊየም በሚባል ቀላል ጋዝ መተካት ነው። ክብደቱ የአየር አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ስሙ በጽርዕ ቋንቋ ከፀሐይ ስም የወጣ ነው፤ ምልክቱ መጀመሪያ የታየው ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱበት በ1860 ዓ.ም፣ በነሐሴ ወር፣ ፀሐይ በጨለመች ጊዜ ከፀሐይ ብርሃን ውስጥ ነበርና። ይህን ጋዝ የያዘ ዲስክ በ2006 ዓ.ም ለገበያ ሲወጣ፣ አምስት ሰሌዳ ይይዝ በነበረው ሳጥን ሰባት ገቡበት፤ የሚፈጀውም ኃይል አነሰ።

የነገሩ መሠረት ግን የቆየ ነው። በአሜሪካ አገር በኦሃዮ፣ በዴይተን ከተማ፣ በ1930 ዓ.ም በእንፋሎት የሚዞር የኤሌክትሪክ ማመንጫ በሃይድሮጅን እየቀዘቀዘ ሥራ ጀምሯል። ሃይድሮጅን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ይቀላል፤ ሙቀትንም ከአየር ይልቅ ፈጥኖ ያሻግራል። ነገር ግን ከአየር ጋር ተደባልቆ እሳት ያገኘው እንደሆነ ይፈነዳልና፣ ትጉህ ጠባቂ ይሻል።

ሄሊየም አይቃጠልም፤ ጉዳቱ በሌላ በኩል ነው፤ ከጠባብ ቀዳዳ ሁሉ ያመልጣል። ስለዚህ ሳጥኑ በብየዳ ታሽጎ ይሠራል። ይህን የማያውቅ ሰው በተራ የጥገና ቤት የከፈተው እንደሆነ ጋዙ ይወጣል፤ ክንዱም በሰሌዳው ላይ በልኩ መንሳፈፍ ይሳነዋል፤ የብዙ ሰው መዝገብ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

አባቶቻችን መጽሐፍን በአንድ ደብር ብቻ ትተው አልረኩም፤ እያስገለበጡ ወደ ሌላው ደብር ያደርሱ ነበር። በ1960ዎቹ በተጀመረው የብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራም አንዱ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በአሜሪካ በሚኒሶታ ተቀምጧል። እንግዲህ በመሥሪያ ቤትም ሆነ በቤተ ክርስቲያን ያለ ኃላፊ መዝገቡን በሁለት ቦታ ያኑር፤ ቅጂው የሚነበብ መሆኑን ቀን ቆርጦ ይመርምር፤ የታሸገውንም ዲስክ ለማያውቅ እጅ አይስጥ። ሰሌዳው ቢፈጥን፣ ጋዙም ቢቀል፣ የድኻው ቤት ማስረጃ የሚጸናው በጠባቂው ትጋት ነው።