መንግሥት ከጎረቤት አገሮች ጋር ሲነግድ ማን ይጠይቀዋል?

«መንግሥት ከጎረቤት ጋር የሚዋዋለው ውል እኛን ምን ያገባናል?» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነገር ግን ቤታችሁ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ከዚሁ ጉዳይ ጋር የተያያዘ ነው። በዚህ አገር አብዛኛው መብራት የሚመነጨው በተፈጥሮ ጋዝ ነውና።

በ2009 ታማር፣ በ2010 ደግሞ ሌቪያታን የተባሉት የጋዝ ክምችቶች ከባሕር ወለል በታች ተገኙ። ጋዙ በጥቂት ኩባንያዎች እጅ ስለ ነበረ፣ «ተፎካካሪ ከሌለ ዋጋው በሕዝብ ላይ ይወደዳል» የሚል ክርክር ተነሣ። መንግሥት ግን ጋዙን ለዮርዳኖስና ለግብጽ መሸጥ ሰላሙን ያጠነክራል በማለት፣ ኩባንያዎቹን ከውድድር ሕግ ነጻ ለማድረግ ፈለገ። የዚያ ሕግ አንቀጽ 52 ለውጭ ግንኙነትና ለጸጥታ ሲባል ይህን ይፈቅዳል። ሆኖም ሚኒስትሩ ከመፈረሙ በፊት የክነሴትን የኢኮኖሚ ኮሚቴ ማማከር አለበት።

በኖቬምበር 2015 የኢኮኖሚ ሚኒስትሩ አርየህ ደርዒ ከዚያ ሥራ ለቀቁ፤ ሥልጣኑም ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ቤንያሚን ናታንያሁ ተላለፈ። በዲሴምበር ጠቅላይ ሚኒስትሩ ራሳቸው ኮሚቴው ፊት ቀርበው አስረዱ። ኮሚቴው 7 ለ6 በሆነ ድምፅ «በአንቀጹ አይጠቀሙ» ሲል መከረ። እርሳቸው ግን ዲሴምበር 17 ቀን 2015 ፈረሙ።

ታዲያ ሕግ ጣሱ ማለት ነውን? አይደለም። ምክር መጠየቅና ፈቃድ መጠየቅ አንድ አይደሉም። ሽማግሌ ያማከረ ሰው ሁሉ ምክሩን አይቀበልም።

ቢሆንም የኮሚቴው ድካም ከንቱ አልቀረም፤ የመንግሥት ምክንያት በአደባባይ ተሰማ፣ በጽሑፍም ተመዘገበ። ከዚያም የክነሴት አባላት ጭምር ለከፍተኛው ፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረቡ። ፍርድ ቤቱ በማርች 2016፣ መንግሥት ደንቡን ለ10 ዓመት እንዳይለውጥ የሚያስረውን ክፍል ሰረዘ። ውሉ ተሻሽሎ፣ የሌቪያታን ጋዝ በጃንዋሪ 2020 ወደ ዮርዳኖስና ወደ ግብጽ መፍሰስ ጀመረ።

እንግዲህ ወገኖቻችን፣ «ጉዳዩ ለክነሴት ቀረበ» የሚል ዜና ስትሰሙ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የቀረበው ለምክር ነው ወይስ ለፈቃድ? የኮሚቴዎች ስብሰባ ቃለ ጉባኤ አብዛኛውን ጊዜ ለሕዝብ ይወጣል። ዕብራይስጡ ቢከብዳችሁ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ። የመረጣችሁት ሰው ምን ብሎ እንደ ተናገረ ማወቅ መብታችሁ ነው።